ሙሽሪት የሐኪም ወረቀት ታምጣ ወይስ አታምጣ?

የሆጤ ልጅ፦ ሰላም የደሴ ሰዎች። እህቴ ለጥር ልትዳር ነው። ልጁ የኮምቦልቻ ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ሁሉም ነገር አልቆ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የልጁ አክስት ወደ እናቴ ጠጋ ብላ «ከክሊኒክ አንዲት ወረቀት ብታመጣ ለሁላችንም ክብር ነው» አለቻት። እናቴም «ንፁህ ከሆነች ምን ያስፈራታል» ብላ እሺ ብላለች። እህቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ይሄ ነገር ልክ ነው? ክሊኒክስ «ድንግል ናት» የሚል ወረቀት መስጠት አለበት? ተከራከሩ፣ ስድብ ግን አልፈልግም።

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ ምን ችግር አለው? ከጋብቻ በፊት ኤችአይቪ ተመርመሩ ሲባል ሰው ይመረመር የለም እንዴ? ይሄም ምርመራ ነው። በኛ ጊዜ ወረቀት አልነበረም፣ ሻሽ ነበር። ሚዜ ሻሹን ይዞ ሲጨፍር ማን ያላየ አለ? ብር አምባር ሆና ከተገኘች ቤተሰቧ ቀና ብሎ ይሄዳል፣ ካልተገኘች ግን መንደሩ ያወራል። ያ ሁሉ ጫጫታ ቀርቶ በአንዲት ወረቀት ቢያልቅ ለልጅቷ ይሻላል ባይ ነኝ። ነገ ስሟን የሚያጠፋ ቢመጣ ወረቀቷን ታወጣለች።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦ ጋሼ፣ ኤችአይቪን ካነሱ አይቀር ልዩነቱን ልንገርዎ። ለእሱ ደም ውስጥ የሚፈለግ ነገር አለ፣ ምርመራው ያገኘዋል። ድንግልና ግን ሐኪም አይቶ የሚያገኘው ነገር አይደለም። ሃይመን የሚባለውን ብዙ ሰው እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ነገር አድርጎ ነው የሚያስበው፤ እኔም ነርሲንግ እስክማር ድረስ እንደዛ ነበር የማስበው። እስቲ ድፍን ቢሆን የወር አበባ በየት በኩል ይወጣል? ከብልት መግቢያ ትንሽ ገባ ብሎ ዙሪያውን የከበበ ስስ የሥጋ እጥፋት ነው፣ መሃሉ ክፍት ነው። ቅርፁም እንደ ሰው መልክ ነው። አንዷ ጋ እንደ ቀለበት፣ ሌላዋ ጋ እንደ ግማሽ ጨረቃ፣ አንዳንዷ ጋ መሃሉን የሚያቋርጥ ክር ያለው፣ አንዳንዷ ጋ ደግሞ ስትወለድ ጀምሮ አለ ለማለት የሚያስቸግር። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ በሆርሞን ምክንያት ወፈር ይላል፣ ይለጠጣል። ስለዚህ ምንም ሳይቀደድ ሊቀር ይችላል፣ ትንሽ ቢሰነጠቅም ሽሮ ምልክት ላይተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት 36 ልጃገረዶችን መርምሮ ነበር፣ ሁሉም እርጉዝ ናቸው። ግንኙነት መፈፀሙን በግልፅ የሚያሳይ ምልክት የተገኘው 2ቱ ላይ ብቻ ነው። እርጉዟን መለየት ያቃተው ምርመራ የእርስዎን ሙሽራ በምን ይለያል?

ሰኞ ገበያ፦ ሃሃሃ፣ 34ቱ ሆዳቸውን ይዘው ወረቀት ይሰጣቸው ነበር ማለት ነው!

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ ሲስተር፣ ሙያሽን አከብራለሁ። ግን ደሙስ? አያቶቻችን ሻሽ ሲያሳዩ የኖሩት ዝም ብለው ነው?

ስሜ ይቅር፦ ስለ ሻሽ እኔ ልንገርዎት። ካገባሁ 9 ዓመቴ ነው። ከባሌ በፊት ወንድ አላውቅም፣ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። በሰርጌ ሌሊት ጠብታ ደም አልታየም። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አደረ። ጠዋት አክስቴ ገባች፣ አንሶላውን አየች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። ከነጠላዋ ጫፍ መርፌ ነቅላ የራሷን ጣት ወጋች። የተጨፈረበት ሻሽ ላይ ያለው ደም የአክስቴ ነው። አማቴ እስካሁን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ባሌም ዛሬ ድረስ አያውቅም፣ እዚህም ስለማይገባ ነው የምፅፈው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እንዳንቺ ያሉ ብዙ ናቸው። ጋሼ፣ መልሱ ይሄው ነው። የምትደማ አለች፣ የማትደማ አለች። ደሙም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከፍርሃት፣ ከድርቀትና ከጥድፊያ ይመጣል፤ ሙሽራው ቸኩሎ፣ ሙሽሪት ተጨንቃ ጡንቻዋ ሲኮማተር የብልት ግድግዳ ይላላጣል። አያቶቻችንንም እስቲ ያስቧቸው። በስንት ዓመታቸው ነው የተዳሩት? በ12፣ በ13። ሰውነቷ ያልደረሰ ልጅ ትጎዳለች፣ ትደማለች። በዚያ ሻሽ ስንጨፍር በልጅ ቁስል ላይ እየጨፈርን ሊሆን ይችላል።

የመድኃኔዓለሙ፦ ወረቀቱን አልደግፍም። ግን ሻሹን የፈጠሩት የወሎ ሰዎች አይደሉም። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ የልጅቷ አባትና እናት ልብሱን በሽማግሎች ፊት ይዘረጋሉ። የእግዚአብሔር ቃል ላይ ያለን ነገር በአንድ የአሜሪካ ጥናት መጣል ይከብደኛል።

የሸዋበሯ፦ ወንድሜ፣ ወረድ ብለህ ቁጥር 19ን አንብበዋ! ሙስሊም ሆኜ እኔ ልንገርህ? በሐሰት ስሟን ያጠፋ ባል 100 የብር ሰቅል ለአባቷ ይከፍላል፣ ዕድሜ ልኩንም አይፈታትም። በኛም ሱረቱ ኑር 4ኛው አንቀፅ ጥብቅ ሴትን በዝሙት ከስሶ 4 ምስክር ያላመጣ ሰው 80 ይገረፋል፣ ምስክርነቱም ከዚያ በኋላ አይሰማም ይላል። ልጅቷን ክሊኒክ ወስዳችሁ እግሯን ክፈቱ የሚል የት አለ? ወላሂ የዚያች አክስት ወሬ ራሱ ክስ ነው። ደግሞ በብስክሌትም፣ በዝላይም፣ ከዛፍ በመውረድም ይቀደዳል እኮ!

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦ የሸዋበሯ፣ የመጀመሪያው ልቤን አርሶታል፣ የመጨረሻውን ግን ላርምሽ። ይሄ የብስክሌት ወሬ ልጆቹን ለማዳን በቅን ልብ የሚነገር ነው። ግን ሃይመን ያለው ገባ ብሎ ነው፣ የብስክሌት ኮርቻ በቀላሉ አይነካውም። «በዝላይ ሄዶባት ነው» ስንል ደግሞ ሳናውቀው የወረቀት ጠያቂዎቹን ሐሳብ ተቀበልን፤ መቀደድ የነበረበት ነገር አለ፣ ከሌለም ምክንያት ይቅረብ እያልን ነው። ምክንያት አያስፈልጋትም፣ የተፈጥሮዋ ቅርፅ ነው።

ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አለ ወይ ካላችሁ፣ አለ። አብሮ የሚወለድ የጤና ችግር ነው። አንድ ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ይዘው መጡ። የወር አበባ አይታ አታውቅም፣ በየወሩ ሆዷን ይቆርጣታል፣ ከእምብርቷ በታች አብጧል። ሰፈሩ «አርግዛለች» ብሎ ጨርሷል፣ አባቷም ሊያናግራት አልፈለገም። ለካ ሃይመኗ ድፍን ስለነበር የወራት ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ነው። ሐኪሙ በትንሽ ቀዶ ጥገና ከፈተላት፣ ደሙ ወጣ፣ ዳነች። «አርግዛለች» የተባለችው ልጅ ጋሼ እንደሚያስቡት የተደፈነች ድንግል ነበረች።

የመድኃኔዓለሙ፦ ቁጥር 19ን ከፍቼ አየሁት። እውነትሽን ነው። ሰው እስከ 17 ብቻ ነው የሚጠቅሰው።

ሰኞ ገበያ፦ እኔ ግን የሚገርመኝ፣ ሙሽራውስ ወረቀት ያመጣል? በዚህ ጉዳይ ወንድ ልጅ አንድ ቀን ክሊኒክ ሲመላለስ አይተን አናውቅም።

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ እሺ፣ ደሙም አይለይም፣ ምርመራውም አይለይም። ታዲያ ወረቀቱን የሚሰጡት ክሊኒኮች ምን አይተው ነው የሚሰጡት?

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦ ብሩን አይተው ነው ጋሼ። በሁለት ጣት «ጠባብ ነው፣ ሰፊ ነው» የሚሉም አሉ፤ እሱም ውሸት ነው፣ ብልት ጡንቻ ነው፣ ስትፈራ ይጠባል፣ ስትረጋጋ ይላላል፣ በግንኙነት ብዛት ሰፍቶ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብትና የሴቶች ቢሮዎች ጋር ሆኖ በ2011 ጥቅምት ላይ ይሄ ምርመራ የሕክምና መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሏል። ምርመራው ጥሎት የሚሄደው ሕመምና ሃፍረት ግን እውነተኛ ነው። ደግሞ ሃይመኑን በገንዘብ መልሶ የሚሰፋ ሐኪም አለ አይደል? የሚሰፋ ነገር ምን ያረጋግጣል?

ባለሱቅ ከኮምቦልቻ፦ ወረቀቱን ትቼዋለሁ። ልጅ በጨዋነት ይደግ የሚለውን ግን አልተውም፣ ለወንዱም ለሴቷም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦ እሱን ማን ተው አለዎት ጋሼ።

የሆጤ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመርፌዋን ታሪክ ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና ፍሙን ቆስቁሳ ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ሙሽራውን ደወልኩለት፣ አክስቱ እንዲህ ማለቷን አልሰማም ነበር፣ ቅዳሜ ራሱ ደሴ ወጥቶ እናቴን ይቅርታ ሊጠይቅ ነው። እህቴ ዛሬ ምሳ በላች። ግን «ወረቀቱ ቢቀርም እኮ እሷ ሴትዮ ሰርጌ ላይ ትመጣለች» አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁላትም።