«ኤክስ ፋይልስ»፦ ከመዝጊያው በፊት ያለው ክፍል ምን ሊሠራ መጣ?

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከታናሽ እህቴ ጋር የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ የሆኑ ጉዳዮችን የሚከታተሉበትን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ «ኤክስ ፋይልስ»ን እ.ኤ.አ. ከ1993ቱ ጅማሬው አንሥተን ስንከታተል ቆይተን፣ የዘጠነኛው ምዕራፍ መገባደጃ ላይ ደርሰናል። ትናንት ማታ ያየነው «ሰንሻይን ዴይስ» ግን አከራከረን። የተላለፈው እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2002፣ መዝጊያው ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ ሆኖም የዓመታቱን ሤራ በመቋጨት ፈንታ፣ በሐሳቡ ኃይል ብቻ የቤቱን ውስጥ የድሮውን የቴሌቪዥን ድራማ የ«ዘ ብሬዲ በንች»ን ቤት አስመስሎ የሚኖር አንድ ብቸኛ ሰው ይተርክልናል። እህቴ «ጊዜ ማባከን ነው» ብላለች። ከቀሪው ታሪክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ትላላችሁ?

አላሙራ (ሐዋሳ)፦
ለብቻው ነጥለው ካላዩት አለ። በ16ኛው ክፍል መርማሪዋ ስካሊ ለልጇ ደኅንነት ስትል በማደጎ ትሰጠዋለች፤ በ17ኛው የባልደረባዋ የዶጌት ልጅ አሟሟት እልባት ያገኛል፤ በ18ኛው ደግሞ አባት ያጣ ሰው አባት ያገኛል። ራሱን ኦሊቨር ማርቲን የሚለው አንቶኒ ፎግልማን፣ በልጅነቱ ኃይሉን ባጠኑት በዶክተር ሪትስ የተተወ ሰው ነው። የመረጠው ስምም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ የድሮ ድራማ የመጨረሻ ምዕራፍ ከውጭ መጥቶ ቤተሰቡን የተቀላቀለው ትንሽ ልጅ ስሙ ኦሊቨር ነበር።

አዋሽ ማዶ (አዳማ)፦
ሐተታዎን ባከብርም አልተረታሁም። የክፍሉ ግማሽ ቀልድ የተንጠለጠለው ተመልካቹ ያንን ቤት ገና ሲያየው ይለየዋል በሚል ግምት ላይ ነው። «ዘ ብሬዲ በንች» እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአሜሪካ ሲታይ የእኛ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ስለዚህ ያ ደረጃና ያ ሳሎን ለእኛ ትዝታ ሳይሆን ባዕድ ጌጥ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሰው በጣሪያ ተወርውሮ በሚሞትበት መክፈቻ የጀመረ ታሪክ፣ ለጠፋው ሕይወት ማንም በወጉ ሳይጠየቅ በፍቅር ማለቁ አይዋጥልኝም።

አላሙራ (ሐዋሳ)፦
ስለ ተጠያቂነቱ ያነሡት እውነት ነው፤ መልስ የለኝም። ቤቱን ግን ባናውቀውም፣ ሰው ባዶ ቤቱን በሌሎች ቤተሰብ ሲሞላ ማየት ማብራሪያ የሚሻ አይመስለኝም። ለእኔ ዋናው የመርማሪዎቹ አለቃ ስኪነር በገዛ ቢሮው አየር ላይ የተንሳፈፈበት ትዕይንት ነው፤ ስካሊ ለዓመታት የፈለገችው ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ላለ ነገር ማረጋገጫ በእጇ የገባው ያን ጊዜ ነው፣ ነገር ግን ኃይሉ አንቶኒን እየገደለው መሆኑ ሲታወቅ ማስረጃው ይቀርና ሰውየው ይተርፋል። ጽፎ ያዘጋጀው ቪንስ ጊሊጋን ነው፤ ኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 «ብሬኪንግ ባድ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የጀመረው ማለት ነው። ለእህትዎ ግን ይህን ይንገሩልኝ፦ የጓጉለት መዝጊያ አብዛኛው በችሎት ክርክር የሚያልፍ ነውና፣ ጊዜ ባከነ የሚለውን ፍርድ እሱን እስኪያዩ ቢያቆዩት ይሻላል።