ጥሩ የመጽሐፍ ዳሰሳ በምን ይለካል?

አራት ኪሎ የምንገናኝ አንባቢዎች ነን። በ1958 ዓ.ም. ስለታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተጻፉ 12 ዳሰሳዎች እጄ ላይ አሉ። ለቅዳሜ አንዱን መምረጥ አለብኝ። ለታሪኩ ማጠቃለያ 10፣ ለቋንቋ 5፣ ለአስተያየት 5 ነጥብ መድቤ አረምኩ።

አንደኛ የወጣው የበዛብህን ታሪክ ከልደት እስከ ሞት አንድም ሳያስቀር ይተርካል። አንብቤ ስጨርስ መጽሐፉን የመግለጥ ፍላጎቴ ጠፋ። ሌላዋ ግን አንድ ገጽ ብቻ ነው የጻፈችው። ፊታውራሪ መሸሻ ለምን እንደሚያስቁም እንደሚያሳዝኑም አንድ አንቀጽ ጠቅሳ ትከራከራለች። ወዲያው መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርጄ ያንን ቦታ ደግሜ አነበብኩት። በእኔ ነጥብ ግን 9ኛ ወጣች! ይሄ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነጥቡን እንደገና ላከፋፍል ነው። ከ20ው ለማጠቃለያ ስንት፣ በማስረጃ ለተደገፈ ፍርድ ስንት ልስጥ?