ጥያቄ፦ የሌሊቱ ባች ሥራ 137 ብሎ ይሞታል፣ ሰዓቱም አልገጥም አለኝ

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ትራንስፖርት ድርጅት ነው የምሠራው። ከጅቡቲ የሚመጡ መኪኖች የጭነት ሰነድ ቀን ቀን ስካን ይደረጋል። ሌሊት አንድ የፓይተን ፕሮግራም ሁሉንም አንብቦ የቀኑን ሪፖርት ያወጣል። እስካሁን የሚሄደው ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነበር። መብራት ከሄደ ግን ጠዋት ሪፖርት የለም። ስለዚህ ወደ ኤደብሊውኤስ ባች (የአማዞን ክላውድ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስነሳ አገልግሎት) አዛወርኩት፤ በፋርጌት (ሰርቨር ሳናስተዳድር ኮንቴይነር የሚያስነሳልን)። ሁሉንም በቴራፎርም (የክላውዱ ቅንብር በፋይል የሚጻፍበት መሣሪያ) የጻፍኩት እኔ ባልኖር ሌላ ሰው አንብቦ እንዲያስነሳው ብዬ ነው።

ኮንቴይነሩ (ፕሮግራሙ ታሽጎ የሚሄድበት) 1 ቪሲፒዩ (የፕሮሰሰር ድርሻ) እና 2048 ሜጋባይት ሚሞሪ ሰጥቼው በ4 ደቂቃ ውስጥ 137 ብሎ ይሞታል። ላፕቶፔ ላይ ምንም አይልም። ሚሞሪውን 3000 ሳደርገው ደግሞ ቴራፎርም አፕላይ (ቅንብሩን ክላውዱ ላይ ማዋያው) ላይ አይመዘገብም። ሌሊት 8 ሰዓት ይነሳ ብዬ ክሮኑ (የመነሻ ሰዓቱ መጻፊያ) ላይ 8 ጻፍኩ፤ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ተነሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ታገልኩ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

ሳቢያን፦
አይዞሽ እህቴ። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 የሲግኪል፣ ማለትም ፕሮግራምን በግድ የሚገድለው ምልክት፣ ቁጥር ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ከተሰጠው ሚሞሪ አልፎ ከውጭ ተገደለ ማለት ነው። ሎጉ ላይ ስህተት ብትፈልጊ አታገኚም፣ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም።

3000 እምቢ ያለሽ ፋርጌት የመጣውን ቁጥር ሁሉ ስለማይቀበል ነው። ለ1 ቪሲፒዩ ከ2048 ጀምሮ በ1024 እየጨመረ እስከ 8192 ይሄዳል። 3072 አድርጊው። ቁጥሩን በጥቅስ ውስጥ ጻፊው፣ ባች እንደ ጽሑፍ ነው የሚጠብቀው። ጄሰኑንም (የኮንቴይነሩ ቅንብር የሚጻፍበትን ቅርጽ) በእጅሽ አትጻፊ፣ በቴራፎርሙ ጄሰንኢንኮድ አሳልፊው።

የከዚራዋ፦
አመሰግናለሁ፣ 3072 ተመዘገበ። ግን አሁንም 137። አሁን በ6 ደቂቃ ነው የሚሞተው።

ሸዋ በር፦
ከሐረር ነኝ። አቦ፣ ሚሞሪ ብቻ እየጨመርሽ አትሂጂ። የላፕቶፕሽ ራም ስንት ነው? 16 ጊጋ ከሆነ ችግሩን አያሳይሽም። እዚያው ላፕቶፑ ላይ ዶከር ራን (ኮንቴይነር ማስነሻው ትዕዛዝ) ስትዪ የሚሞሪ ገደብ 2 ጊጋ ስጪው። ያኔ ሳትከፍዪ ዓይንሽ እያየ ይሞታል፤ ዶከር ስታትስ ከፍተሽ ሚሞሪው እንዴት እንደሚወጣ ተመልከቺ። ኮዱ ሰነዶቹን ሁሉ መጀመሪያ ሰብስቦ ነው እንዴ የሚከፍተው?

የከዚራዋ፦
አዎ። 400 ገደማ ሰነድ በአንድ ሊስት ይከፈታል፣ ከዚያ ነው ንባቡ የሚጀመረው።

ሸዋ በር፦
እሱ ነዋ! አንዱን ክፈቺ፣ አንብቢ፣ ውጤቱን ያዢ፣ ዝጊ፣ ወደሚቀጥለው እለፊ። ነገ ሰነዱ 800 ቢሆን እንኳ ሚሞሪው ያው ነው።

ለገሃሬ፦
የሰዓቱን እኔ ልመልስ፣ በኔም ደርሷል። ክሮኑ የሚያነበው ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። 8 ዩቲሲ እዚህ በፈረንጅ 11፣ በኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው። አንቺ የፈለግሽው ሌሊት 8 ሰዓት በፈረንጅ 2 ሰዓት፣ በዩቲሲ ደግሞ የፊተኛው ቀን 23 ነው። ኢቨንትብሪጅ (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው የኤደብሊውኤስ አገልግሎት) ሩል ከሆነ 0 23 * * ? * ብለሽ ጻፊ። ኢቨንትብሪጅ ስኬጁለር ግን የሰዓት ክልል ይቀበላል፤ የአዲስ አበባን ሰጥተሽ 2 ብለሽ ትጽፊያለሽ። እኔ ስኬጁለሩን እመርጣለሁ፣ በኋላ የሚያነበው ሰው አይደናገርም።

ከሰዓቱ ይልቅ ግን ቀኑን ፍሪ። ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ሲነሳ ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ሰዓት ገና ሰኞ 23 ነው የሚለው። ፕሮግራሙ «የትናንቱን አውጣ» ከተባለ የእሁድን ያወጣል። ስህተት አይልም፣ አይሞትም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቀን ይሰጥሻል። ስለዚህ የሰዓት ክልሉን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያነበው ቅንብር) እዚያው ቴራፎርሙ ላይ ስጪው። ኢሜጅሽ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) አልፓይን (ትንሹ ሊኑክስ) ከሆነ ቲዜድዳታን (የሰዓት ክልሎቹን ፋይል) ጨምሪ፤ ከሌለ ምንም ሳይል በዩቲሲው ይቀጥላል።

ደቻቱ ማዶ፦
አንድ ልጨምር። ሬትራይ (ሥራው ሲወድቅ እንደገና መሞከር) አለሽ?

የከዚራዋ፦
3 አድርጌዋለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦
እንግዲያው በሚሞሪ የሞተው ሥራ ሦስቴ ተነስቶ ሦስቴ ይሞታል፣ ሦስቴም ትከፍያለሽ። ባች ላይ «ሲወጣ ገምግም» የሚል ቅንብር አለ። 137 ሲመጣ አቁም በዪው፤ ሌላው ሁሉ ይደገም። ታይምአውትም (ከዚህ ካለፈ ይቁም የሚል ገደብ) ስጪው፣ 1800 ሰከንድ ይበቃሽ ይመስለኛል። ሪፖርቱ በኢሜይል የሚላክ ከሆነ መላኩን መጨረሻ ላይ አድርጊ። የፋይሉን ስም በቀኑ ሰይሚው፣ ሲደገም በራሱ ላይ ይጻፋል። አለዚያ ሥራው መሀል ላይ ወድቆ ሲነሳ ሥራ አስኪያጁ ጋ ሁለት የተለያየ ሪፖርት ይደርሳል።

የከዚራዋ፦
ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሰነዶቹን አንድ በአንድ አደረግኩ፤ ላፕቶፑ ላይ በ1 ጊጋ ገደብ እንኳ አለፈ። ሚሞሪውን ወደ 2048 መለስኩት። ለሐሙስ አጥቢያ 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ በ11 ደቂቃ ጨረሰ፤ ያወጣውም የረቡዕን ነው። ለገሃሬ ባትነግሪኝ ኖሮ የማክሰኞን ነበር የምልከው። ቀኑን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

አንድ የቀረኝ፦ ኢሜጁን ሌተስት (የመጨረሻው) ብዬ ነው የምጠራው። ችግር አለው?

ሳቢያን፦
ይሄዳል፣ ግን ትናንት የሄደው የትኛው ኮድ እንደሆነ ቴራፎርሙን አይተሽ አታውቂም። የጊት ኮሚቱን ቁጥር (የኮዱን ቅጂ መለያ) የኢሜጁ ታግ (መጠሪያ) አድርጊው። ሚሞሪም ሆነ ታግ ስትቀይሪ ኮንሶሉ (የኤደብሊውኤስ ድረ ገጽ) ላይ በእጅ አትንኪው። እዚያ የነካሽው አዲስ ሪቪዥን (የሥራው ቅንብር አዲስ ቅጂ) ይሆናል፤ ስኬጁለሩ ሪቪዥን ቁጥር ይዞ ከተጻፈ ያንኑ አሮጌውን ማስነሳቱን ይቀጥላል።