የዩሪያ ጭዴ ሻገተ፣ ምን አጥፍቼ ነው?

የላም አባት፦
ሰላም ወገኖች። ሱሉልታ ነኝ፣ ሦስት ላሞች አሉኝ፣ ሁለቱ ይታለባሉ። የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ ሲያማርረኝ የስንዴ ጭድ በዩሪያ ማዳበሪያ ላክም፣ ለላሞቹ ላለስልሰው ብዬ ተነሳሁ። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ50 ሊትር ውሃ ተብያለሁ፣ እንደዚያው አደረግኩ። እውነቱን ለመናገር ጭዱን አልመዘንኩትም፣ በዓይኔ ነው የገመትኩት። ግቢው ጥግ ከምሬ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። በ21ኛው ቀን ስከፍተው ዳር ዳሩ ሻግቷል፣ መሃሉ ያው የድሮው ደረቅ ጭድ ነው። ላሚቱ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። ሳሙና የሚሠራ ጎረቤቴ ደግሞ «ዩሪያውን ተወው፣ ካስቲክ ሶዳ በአንድ ቀን ይጨርስልሃል» ይለኛል። ልሞክረው?

እታለም፦
ስትከፍተው ሰነፈጠህ? ዓይንህን አቃጠለህ?

የላም አባት፦
ኧረ ምንም። የሻጋታ ሽታ ብቻ።

እታለም፦
እንግዲያው አልታከመም ማለት ነው ወንድሜ። ዩሪያው ራሱ ጭዱን አያላላውም። ጭዱ ላይ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው ዩሪያውን ወደ አሞኒያ የሚቀይሩት፣ ጭዱን የሚያለሰልሰው አሞኒያው ነው። ለዚህ ደግሞ እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋሉ። 21 ቀን የሚባለው ሞቅ ላለ ቦታ ነው። አንተ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ በ21 ቀን? እኔ ሰንዳፋ ሆኜ በብርድ ወራት ከአምስት ሳምንት በፊት አልነካውም። መሃሉ የደረቀው ውሃው ስላልደረሰው ነው። ከላይ አንዴ አፍስሰህ ትተኸዋል አይደል? ስስ አድርገህ አንጥፍ፣ በአትክልት ማጠጫ እርጨው፣ በእግርህ ርገጠው፣ ከዚያ ሌላ ንጣፍ። አየር እንዳይቀር አጥብቀህ ካልረገጥክ ሻጋታው ይቀድምሃል። ላስቲኩም ዳር ዳሩን በአፈር ይቀበር፣ ድንጋይ ብቻ አይበቃም፣ አሞኒያ ጋዝ ነው፣ በትንሽ ቀዳዳ ሹልክ ይላል። የሻገተውን ለከብት እንዳትሰጥ፣ ጣለው።

ሰበታ ኬሚስት፦
እታለም ጨርሳዋለች፣ እኔ ስለ ካስቲኩ ልጨምር። ጎረቤትህ ውሸት አላወራም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰሞን ጀርመን አገር መኖ ሲጠፋ ቤክማን የሚባል ኬሚስት ጭድን በካስቲክ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፎ ለከብት የሚስማማ ማድረጊያ ዘዴ አውጥቶ ነበር። ይሠራል፣ ከዩሪያም ይፈጥናል። ግን ጭዱ ከተዘፈዘፈ በኋላ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት፣ ያ ሁሉ ውሃ የት ይፈሳል? ከጭዱም የሚሟሟው ጥሩ ጥሩው አብሮ ይሄዳል። ሳታጥበው ብታበላት ደግሞ ሶዲየሙ በላሟ ሽንት በኩል መሬትህን ያበላሻል። እጅና ዓይን ላይ የሚያደርሰውን አልነግርህም፣ ሳሙና ሠሪውን ጠይቀው። ዩሪያ ግን ናይትሮጅንም ይተውልሃል፤ የስንዴ ጭድ ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው፣ በደንብ ሲታከም ወደ 7 ይጠጋል። ካስቲክ ይህንን አይሰጥህም።

ባለ ጊደር፦
የአመድ ውሃስ? አያቶቻችን በአመድ ስንት ነገር ያደርጉ የለ።

ሰበታ ኬሚስት፦
እሱም እንደ ካስቲኩ አልካላይ ነው፣ ልክ ነህ። ግን የአንዱ እንጨት አመድ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ጥንካሬው ዛሬ ሌላ ነገ ሌላ ነው። ለልብስ እሺ፣ ለላም አልደፍርም።

እታለም፦
አንድ ነገር ረስቼ። ዩሪያ የሟሟበትን በርሜል ከብት አጠገብ እንዳትተው! የአንድ የማውቀው ሰው ጊደር የተረፈውን ውሃ ጠጥታ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። ድርቆሽም በዩሪያ እንዳታክም፣ ደህና ሣር ሲታከም ከብት የሚያሳብድ ነገር ሊፈጠር ይችላል። የጤፍ ጭድ ካገኘህም እሱን እንዳለ አብላ፣ ከስንዴ ይሻላል፣ ችግሩ ጭቃ ከሚያቦኩ ቤት ሠሪዎች ጋር መሻማትህ ነው።

የላም አባት፦
ኧረ እናመሰግናለን! ካስቲኩን ትቻለሁ። ዛሬ ሚዛን ተበድሬ እንደገና ጀምሬያለሁ፣ ውሃውንም 80 ሊትር አደረግኩት፣ ጭዱ በጣም ደረቅ ስለነበር። ባለቤቴ ራሷ እየረገጠች ነው፣ ሳቋ ቆሟል። ሲደርስ በቀጥታ ልስጣቸው?

እታለም፦
የዕለቱን ብቻ አውጣና ሌሊቱን አናፍሰው፣ ሽታው ሲበርድ ይበሉታል። መጀመሪያ ካልታከመ ጭድ ጋር ቀላቅል፣ ሳምንት ቢፈጅም አትቸኩል። ጥጃ አለችህ?

የላም አባት፦
አለች፣ አራት ወሯ ነው።

እታለም፦
እሷ ጋ አይደርስም። ከስድስት ወር በታች ጨጓራቸው ገና ነው። ድርቆሿን ትብላ።