በረሃና ባሕር በሚገናኙባቸው የመዝናኛ ከተሞች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ለምን ኖረ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዕረፍት የምሄድበትን ቦታ ለመምረጥ ስለ ሁለት ከተሞች ሳነብ ሰንብቻለሁ። አንዷ በሲና ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው ሻርም ኤል ሼክ ስትሆን ሌላዋ በናሚቢያ የአትላንቲክ ዳርቻ ያለችው ስዋኮፕሙንድ ናት። በሁለቱም በረሃው እስከ ባሕሩ ጠርዝ ድረስ ይዘልቃል፤ በሁለቱም ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋን ያዩ ሰዎች ስለ ሞቃት ባሕርና ኮራል ስለተባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ ሲያወሩ፣ ከሁለተኛዋ የተመለሱት ሹራብ ደርበው መዋላቸውንና እስከ ረፋድ ድረስ ፀሐይን የሚጋርደውን ጉም ያነሣሉ። በረሃ ሆኖ እንዴት ይበርዳል? መዋኘትም የመሬቱን ገጽታ ማየትም የሚወድ ሰውስ የትኛዋን ቢመርጥ ይሻለዋል?

የመጀመሪያ ምላሽ፦
በረሃን በረሃ የሚያሰኘው የዝናብ ማነስ እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ስዋኮፕሙንድ ባለችበት በናሚብ በረሃ ዳርቻ ቤንጉዌላ የተባለው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ነፋሱም የላዩን ውኃ ከዳርቻው ስለሚያርቀው ከጥልቁ የሚወጣ ይበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይተካዋል። በዚህ ውኃ ላይ የሚያልፈው አየር ከሥር ይቀዘቅዛል፣ ከበላዩ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ስለሚጫነው ወደ ላይ ወጥቶ የዝናብ ደመና ሊሆን አይችልም፤ እርጥበቱ ጉም ሆኖ ወደ በረሃው ይገባል። ምድሩን ያደረቀውም ከተማዋን ያቀዘቀዘውም ያው አንዱ ባሕር ነው ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ሌሊቱ ሲነጋጋ በአሸዋው ክምር ጫፍ ላይ በአፍጢሙ የሚቆም ጥንዚዛ አለ፤ ጉሙ ጀርባው ላይ ሲያርፍበት ጠብታው እየተንከባለለ ወደ አፉ ይወርድለታል። በቺሊ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለችው አሪካም የምትደርቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ የእርሷ ቀዝቃዛ ጅረት ሐምቦልት ይባላል።

ለዋና ከሆነ ስዋኮፕሙንድን አልመክርዎትም፤ ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ ማዕበሉም ብርቱ ነው። ለመሬቱ ገጽታ ግን ተወዳዳሪ የላትም። ከጎረቤቷ ከዎልቪስ ቤይ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ሳንድዊች ሃርበር በተባለው ቦታ ትልልቆቹ የአሸዋ ክምሮች በቀጥታ ወደ ውቅያኖሱ ይወርዳሉ፤ በመኪና የሚያልፉት የባሕሩ ሙላት ሲጎድል ብቻ ስለሆነ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ ግድ ነው። ከተማዋ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1892 በጀርመን ቅኝ ገዢዎች የተመሠረተች ስትሆን የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር፦ በዚያ ከዓመቱ እጅግ ሞቃት ከሆኑት ቀናት አንዳንዶቹ የሚመጡት በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ የምሥራቁ ነፋስ ከደጋው ወርዶ የበረሃውን ሙቀትና አሸዋ ወደ ባሕሩ ሲነዳ ነው።

ሁለተኛ ምላሽ፦
ሻርም ኤል ሼክ ያለችበት ቀይ ባሕር የዚህ ተቃራኒ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ በየዓመቱም ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውኃ በትነት ያጣል። ስለዚህ የዓለም ውቅያኖስ በአማካይ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ሲይዝ ቀይ ባሕር በሰሜኑ 40 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ዋናተኛ ቀለል ብሎ የሚንሳፈፈው፣ ዓይኑም የሚቆጠቁጠው ለዚህ ነው። የወንዝ አለመኖር ሌላም ጥቅም አለው። ደለል ስለማይገባ ውኃው ጥርት ያለ ነው፣ ኮራልም የሚሻውን ብርሃን እስከ ጥልቁ ድረስ ያገኛል። በረሃው ባይኖር ኖሮ ጠላቂዎች የሚወዱት ኮራልም እንዲህ ባላማረ ነበር። ከሻርም ኤል ሼክ አጠገብ ያለው ራስ መሐመድ እ.ኤ.አ. በ1983 ብሔራዊ ፓርክ ተደርጎ የተከለለው ይህንኑ ለመጠበቅ ነው።

በዚያው በግብፅ ዳርቻ ያሉት የዳሃብና የሁርጋዳ ከተሞች የሰሜኑ ነፋስ የሚበረታባቸው በመሆናቸው በሸራ ሰሌዳ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ይመቻሉ፤ ጸጥ ያለ ውኃ ለሚፈልግ ግን ያው ነፋስ ያስመርራል። በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ውኃው ወደ 21 ወይም 22 ዲግሪ ስለሚወርድ ለረጅም ጠለቃ ወፈር ያለ ልብስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ምላሽ፦
ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማንም ያላነሣው የመጠጥ ውኃውን ጉዳይ ነው። ወንዝም ዝናብም በሌለበት ከተማ የሆቴሉ ገንዳና የሣር መስኩ ከየት ይጠጣሉ? በቀይ ባሕር ዳርቻ አብዛኛው ውኃ የሚገኘው የባሕሩን ጨው በማጣራት ነው። ከሚገባው ውኃ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በጨዋማነቱ እጅግ የበረታ ተረፈ ውኃ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም ማዕበል በማይደርስበት ጥልቀት አልባ ቦታ ከተለቀቀ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ኮራል ይጎዳል። በስዋኮፕሙንድ አቅራቢያ፣ ቭሎትስካስባከን በተባለ ቦታ፣ በዓመት 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማጣራት የሚችል ጣቢያ አለ፤ መጀመሪያ የተሠራው ለዩራኒየም ማዕድን ማውጫ ነበር።

ሕንፃዎቹም ቢሆኑ ከበረሃው ጋር መጣላታቸው አይቀርም። በስፔኗ ግራን ካናሪያ ደሴት፣ ማስፓሎማስ በተባለው የአሸዋ ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከፍ ባለው ቦታ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች የነፋሱን አካሄድ ስለለወጡት በአንዳንድ ስፍራ አሸዋው መጓዙን አቁሞ ቁጥቋጦ በቅሎበታል። እኔ ብሆን ሆቴል ስመርጥ ከገንዳው ስፋት ይልቅ ከየት ውኃ እንደሚያመጣና የተረፈውን የት እንደሚደፋ እጠይቃለሁ፤ የማይመልስልኝን እተወዋለሁ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልቤ ወደ ሲና አዘንብሏል። አንድ የቀረኝ ነገር ቢኖር፣ ከተራሮቹ ሥር ወደ ባሕሩ የሚወርዱት ደረቅ ሸለቆዎች በእግር ለመሄድ አመቺ መስለው ስለታዩኝ፣ ብቻዬን ብገባባቸው ችግር አለው?

ሁለተኛው መላሽ፦
ብቻዎን አይግቡ። ዝናቡ ከእርስዎ ርቆ በተራሮቹ ራስ ላይ ሊዘንብ ይችላል፤ ባዶው ዓለት ውኃ ስለማይመጥ ደራሽ ጎርፉ እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ሊደርስብዎት ይችላል። ይህ በተለይ በመኸርና በቀዝቃዛው ወቅት ያጋጥማል። ከአካባቢው ሰው ጋር ይሂዱ፤ በሸለቆው ወለል ላይ አይደሩ። የያዙት ሆቴልም በሸለቆው አፍ ላይ የተሠራ እንዳይሆን ካርታ አይተው ያረጋግጡ።