በፍልሰታ ምግብ የተካተተበት ሆቴል ያዋጣል?

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ዕረፍታችን የሚገጥመው ነሐሴ ላይ ብቻ ስለሆነ ኬንያ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው የዲያኒ ባህር ዳርቻ ልንሄድ አስበናል። ጅቡቲማ ቅርባችን ነበር፤ ግን በነሐሴ ከድሬ ሙቀት ሸሽቶ ወደ ባሰ ሙቀት ምን ያስኬዳል?

የመረጥነው ሆቴል ምግቡም መጠጡም ከአልጋው ጋር አብሮ የሚከፈል ነው። ችግሩ ጾሙ ነው። ባለቤቴ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ድረስ፣ በየቀኑ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። ዓሣም አትበላም። በኢሜይል ስጠይቃቸው «የአትክልት ምግብ አለን» ብለው ሜኑ ላኩልኝ። አይብ የተነሰነሰበት ፓስታ፣ በቅቤ የተጠበሰ ድንች፣ እንቁላል ያለበት ሰላጣ! ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይገባበት ደግሜ ሳስረዳ «ሼፉ ያስተካክላል» አሉ። የምሳው ቡፌ ግን በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ከፍለንበት ቁርሱም ምሳውም አለፋት ማለት ነው። አልጋ ብቻ ብንይዝ ዋጋው በደንብ ይቀንሳል፤ ግን የጾም ምግብ ፍለጋ በማናውቀው አገር መዞር ሊመጣ ነው። ዕረፍቷን በረሃብ እንድታሳልፈው ደግሞ ፈጽሞ አልፈልግም።

በጾም ወራት እንዲህ ዓይነት ሆቴል ያረፋችሁ፣ ምሳዋን አቆይተው በ9 ሰዓት እንዲሰጧት ማስማማት ይቻላል ወይስ አልጋ ብቻ መያዝ ይሻለናል?