የፒፒኤም (የድግግሞሽ ስህተት) ማረሚያ ካስገባሁ በኋላ ሲግናሉ ጭራሽ ጠፋ፤ ለዛሬ ማታ እርዱኝ

ደብረብርሃን_ሞገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ መለካት መጀመር አለብኝ። በኮምፒውተር ላይ በሚሰካ የሬዲዮ መቀበያ (ዶንግል)፣ በደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ፕሮግራም የድግግሞሽ መለኪያ (ፍሪክካል) የሞስኮውን የመለኪያ ጣቢያ አርደብሊውኤም ለካሁ። 4996 ኪሎኸርዝ ላይ 890 ኸርዝ፣ 9996 ላይ 930፣ 14996 ላይ 970 ከፍ አድርጎ ያሳያል። 930ን ለ9.996 አካፍዬ 93 ፒፒኤም አገኘሁና ዶንግሉን በሚቃኘው ፕሮግራም፣ ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ ላይ አስገባሁ። አሁን ምንም የለም፣ ዋተርፎሉ (ሲግናሉ የሚታይበት ሥዕል) ባዶ ነው። በ4996 ሳሰላው ደግሞ 178፣ በ14996 65 ይመጣል። ትክክሉ የቱ ነው? ዶንግሉ ተቃጥሎ ይሆን?

ጣርማበር_ዋሻ፦
አልተቃጠለም፣ በርዶት ነው። ጋቢ ደርብለት።

መንዝ_አንቴና፦
ወንድሜ፣ ምን ዓይነት ዶንግል እንደሆነና ከአንቴናው እስከ ዩኤስቢው መሀል ምን እንዳለ ሳትጽፍ «እርዱኝ» ማለት ሐኪም ቤት ሄዶ «አመመኝ» ብሎ ዝም ማለት ነው። ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ ነው። 1 ፒፒኤም በ10 ሜጋኸርዝ 10 ኸርዝ፣ በ100 ሜጋኸርዝ 100 ኸርዝ ይሆናል። ስህተቱ ከድግግሞሹ ጋር እኩል ማደግ አለበት። 4996 ላይ 890 ከሆነ 14996 ላይ 2670 ገደማ መሆን ነበረበት። ያንተ የጨመረው 80 ብቻ ነው። ስለዚህ ማካፈሉ ራሱ ስህተት ነው፤ ከሦስቱ አንዱም ትክክል አይደለም።

ሸዋሮቢት_73፦
ካሊብሬት-አርቲኤል የሚባለውን ፕሮግራም ጫን። ጂኤስኤም 900 ላይ የሞባይል ታወር ፈልጎ ፒፒኤሙን ራሱ ይነግርሃል። 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ቀይት_ሬዲዮ፦
ይቅርታ፣ ግን ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ኤፍቲ8 (የአማተሮችን ዲጂታል መልእክት) ለመስማት ከሆነ ዲኮደሩ ከ200 እስከ 3000 ኸርዝ ያለውን ሁሉ ያነባል፤ 900 ኸርዝ ቪኤፍኦውን (መቃኛውን) በእጅ አንቀሳቅሰህ ታልፈዋለህ። ካሊብሬሽን ካሊብሬሽን ትላላችሁ እንጂ።

ደብረብርሃን_ሞገድ፦
ለኤፍቲ8 አይደለም። የጣቢያዎችን ትክክለኛ ድግግሞሽ እስከ 1 ኸርዝ መለካት ነው የተፈለገው። ዶንግሉ ተራ አርቲኤል ነው፣ ፊቱ ድግግሞሹን በ125 ሜጋኸርዝ ከፍ የሚያደርግ አፕኮንቨርተር አለ። እሱን መጻፍ ያለብኝ አልመሰለኝም ነበር።

መንዝ_አንቴና፦
አልመሰለኝም!

አንኮበር_ኤችኤፍ፦
ነገሩ ሁሉ እዚያ አፕኮንቨርተር ላይ ነው። አንተ 9.996 ስትሰማ ዶንግሉ የሚቃኘው 134.996 ሜጋኸርዝ ነው። 93 ፒፒኤም ስታስገባ 93 በ135 ተባዝቶ 12.5 ኪሎኸርዝ ገፋኸው። ሲግናሉ አልጠፋም፤ ከ3 ኪሎኸርዙ መስኮት ውጭ ሄደብህ እንጂ። ፒፒኤሙን ወደ 0 መልሰው፣ ይመጣል።

አሁን ቁጥሮችህን ተመልከት። በየ5 ሜጋኸርዙ 40 ኸርዝ ይጨምራል፣ ማለትም በሜጋኸርዝ 8። የዶንግልህ ስህተት ይኸው 8 ፒፒኤም ነው። 8 በ135 ሲባዛ 1080 ይሆናል፤ ያየኸው ግን 930 ነው። የጎደለው 150 የአፕኮንቨርተሩ ነው፣ የሱ ክሪስታል (ድግግሞሹን የሚወስነው ክፍል) 150 ኸርዝ ዝቅ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ታርማለህ፦ ዶንግሉ ላይ 8 ፒፒኤም፣ የአፕኮንቨርተሩ ኦፍሴት (ፕሮግራሙ የሚቀንሰው ቁጥር) ላይ በ125000000 ፋንታ 124999850። የፒፒኤሙ ምልክት ፕላስ ይሁን ማይነስ በፕሮግራሙ ይወሰናል። አስገብተህ ስህተቱ ከ930 ወደ ማይነስ 150 ካልወረደና ወደ 2010 ከወጣ ምልክቱን ገልብጥ።

ቀይት_ሬዲዮ፦
ይህንኑ ደብሊውኤስጄቲ-ኤክስ ራሱ ያሰላው የለም እንዴ? ቱልስ ውስጥ የካሊብሬሽን ዑደቱን ታስጀምራለህ፣ በየጣቢያው 30 ሰከንድ ይቆማል፣ ሜዠር የሚለውን ምልክት ካላደረግህ ግን በስክሪን ብቻ ያሳይና ፋይሉ ላይ አይጽፍም። ከዚያ «ሶልቭ» ስትለው ኢንተርሴፕት (በሁሉም ድግግሞሽ እኩል የሆነው ስህተት) 850 ኸርዝ፣ ስሎፕ (ከድግግሞሹ ጋር የሚያድገው) 8 ፒፒኤም ይሰጥሃል። ጨርሰሃል።

አንኮበር_ኤችኤፍ፦
ያሰላል፣ ግን አፕኮንቨርተር ላለው ሰው አደገኛ ነው። ዶንግሉ በ135 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ 0.3 ፒፒኤም ቢንሸራተት 40 ኸርዝ ነው። ከ4996 እስከ 9996 ያለው ልዩነት በሙሉ 40 ኸርዝ! አንዱን ጣቢያ ለክተህ ሌላው ጋ እስክትደርስ ክሪስታሉ ትንሽ ቢሞቅ ስሎፑ 8 የነበረው 0 ወይም 16 ይሆናል፣ ፕሮግራሙም አምኖ ይቀበለዋል። ያንተ 4996 በማታ፣ 14996 በቀን የተለካ ከሆነ 8 የምትለዋም አትታመንም። በደብረ ብርሃን የቀትር ፀሐይና የሌሊት ብርድ መሀል ተራ ክሪስታል ብዙ ይሄዳል።

ሸዋሮቢት_73፦
ካሊብሬት-አርቲኤል ብያለሁ።

ጣርማበር_ዋሻ፦
ለሦስተኛ ጊዜ ካልከው ሽልማት አለው።

አንኮበር_ኤችኤፍ፦
አትቀልዱበት፣ ልክ ነው። የጂኤስኤም ታወር በ0.05 ፒፒኤም ውስጥ እንዲቆይ የሚያስገድድ ደረጃ አለው፤ በ900 ሜጋኸርዝ 8 ፒፒኤም ከ7 ኪሎኸርዝ በላይ ስለሆነ መንሸራተቱ አያደናግርም። ስሎፑን ከታወር ውሰድ፣ የአፕኮንቨርተሩን ኦፍሴት ብቻ ከአርደብሊውኤም። አንቴናው ግን በቀጥታ ዶንግሉ ላይ ይሁን፣ አፕኮንቨርተሩን አውጣ፤ አለበለዚያ 900 አያልፍልህም። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ይሁን፦ ዶንግሉ እየሠራ 30 ደቂቃ ይሙቅ፣ ከዩኤስቢው ሳትነቅል ታወሩን ለካ፣ አፕኮንቨርተሩን መልሰህ ሰክተህ ወዲያው 9996ን ለካ።

ጋሼ_ሞጃ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ተረሳ። አርደብሊውኤም ሁልጊዜ ንጹሕ ካሪየር (ምንም ያልተጫነበት ሞገድ) አይልክም። በየሰዓቱ ከ00 እስከ 08 ደቂቃ፣ እንደገና ከ30 እስከ 38 ደቂቃ ብቻ ነው ያልተቆራረጠው። ቀጥሎ አንድ ደቂቃ ዝም ይላል፣ አንድ ደቂቃ በሞርስ ስሙን ይጠራል፣ ከዚያ ምት ብቻ። ማታ 2 ሰዓት በፕሮግራሙ 17:00 ዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፤ በዚያች ስምንት ደቂቃ ጨርስ። ልክ ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ አትለካ፤ የሰማዩ ንብርብር ስለሚንቀሳቀስ ሲግናሉ ራሱ ይወዛወዛል።

ደብረብርሃን_ሞገድ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 0 ሳደርገው ሲግናሉ መጣ። ታወሩን ለካሁ፣ 9 ፒፒኤም አለ፣ 8 አይደለም። የቱን ልያዝ?

አንኮበር_ኤችኤፍ፦
9ኙን። ኦፍሴቱ ግን ይቀየራል፣ 124999850ን እርሳው። 9 አስገብተህ 9996ን እንደገና ለካ፤ የሚያሳይህን ያህል ኦፍሴቱን ታስተካክላለህ። ማይነስ 285 ገደማ ማየት አለብህ፣ ያኔ 124999715 ይሆናል። በጣም ከራቀ አንደኛው በብርድ ተለክቷል ማለት ነው።

ደብረብርሃን_ሞገድ፦
መብራት ሄዶ መጣ አሁን። 30 ደቂቃውን እንደገና ልጀምር?

ጋሼ_ሞጃ፦
እንደገና። የ00ዋ ካመለጠችህ የ30ዋን ጠብቅ።

ሸዋሮቢት_73፦
ታወሩንም እንደገና።